እንከን የለውም ብዬ የሸጥኩት ካሜራ

ደብረ ማርቆስ የሄድኩት ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር። ሥራዬ የውኃ ጥራት ምርመራ ነው፤ ከየወረዳው ምንጭና ጉድጓድ ናሙና እየቀዳሁ ወደ ላቦራቶሪ አመጣለሁ። ሁለቱ ዓመት ስድስት ሆነ። በየዓመቱ ቤተሰቦቼ ወዳሉበት ወደ ሐዋሳ እንድዛወር አመለክታለሁ፤ በየዓመቱ «ተተኪ ሲገኝ» የሚል መልስ ይመጣልኛል። ተተኪ አይገኝም። የተከራየኋት ክፍል መስኮት የሚያየው የጎረቤትን የጭቃ ግድግዳ ነው። ክረምት ሲገባ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እሰማለሁ፤ ሌላ የምሰማው ነገርም የለኝም ነበር።

ከዚያ ክፍል የምታወጣኝ ካሜራዬ ነበረች። ተዛውራ ከሄደች የሥራ ባልደረባዬ የገዛኋት አሮጌ ካሜራ ናት። አጠቃቀሙን ማንም አላስተማረኝም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ለመድኩት። ዝናቡ ሲያባራ አንጠልጥያት እወጣለሁ፤ የገበያ ቀን ከሆነ አህዮችን፣ ካልሆነ ደመናን አነሳለሁ። ፎቶዎቹን ለማንም አላሳይም። ዓይኔን መመልከቻው ላይ ሳደርግ ያለሁበት ከተማ ሌላ ከተማ ይመስለኛል፤ የምፈልገው እሱን ነበር።

አንድ ጊዜ ለሥራ ጮቄ ተራራ ግርጌ ሄደን ሳለ ዝናብ መታን፤ ካሜራዋም እኔም ራስን። ከዚያ ቀን በኋላ አመል አወጣች። ብርድ ባለበት ጠዋት አሥር፣ አሥራ አምስት ፎቶ ካነሳሁ በኋላ ድምጿ መሃል ላይ ይቋረጣል፤ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ቁልፉን ብጫነው መልስ የለም። ባትሪውን አውጥቼ ትንሽ ቆይቼ ስመልሰው ትነሳለች። መጀመሪያ ባትሪው አርጅቷል አልኩ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ያው ሆነች። ያን ጊዜ ሕመሙ ከውስጥ እንደሆነ አወቅኩ።

በዚያው ሰሞን የአንድ የኢንተርኔት ቡድን አባል ሆኜ ነበር። ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ሰዎች አሮጌ ካሜራ፣ ሌንስና የካሜራ እግር በጨረታ የሚሸጣጡበት ገጽ ነው። ሻጩ ሰኞ የዕቃውን ፎቶና መግለጫ ያወጣል፤ ተጫራቾች ከሥሩ ዋጋ እየጻፉ ይሰነብቱና እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ሻጭና ገዢ አይተዋወቁም፤ አንዱ መቀሌ ነው፣ ሌላው ጅማ። ደረሰኝ የለ፣ ውል የለ። ያን ሁሉ የሚያስተሳስረው ምስክርነት የሚሉት ነገር ብቻ ነበር፤ ገዢው ዕቃው ሲደርሰው ሻጩ እውነቱን እንደጻፈ ወይም እንዳልጻፈ ለሁሉም ይመሰክራል። የዋሸ ከገጹ ይባረራል፤ ስሙም ዋሾ ተብሎ ይወጣል።

እኔም የተሻለ ካሜራ አማረኝና የያዝኳትን ለጨረታ ላቀርባት ወሰንኩ። ከአሥራ ሁለት አቅጣጫ ፎቶ አነሳኋት። ሻጭ የሚሞላው ቅጽ ነበር፤ አራተኛው ጥያቄ «ዕቃው የሚታወቅ ጉድለት አለው?» ይላል። እዚያ ላይ ቆየሁ። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ጠዋት ስሞክራት አርባ ፎቶ ያለ ማቋረጥ አንስታለች። ዛሬ ደህና ናት፣ ዛሬ ደህና ከሆነች ደግሞ ውሸት አይሆንብኝም አልኩ ለራሴ። «የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ መጻፌ ራሱ አሳማኝ ይሁን ብዬ ይመስለኛል፣ «እንከን የለውም» የሚል ጨመርኩበት።

ከተጫራቾቹ አንዱ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር እንደሚያስተምሩ፣ ወፍና ዛፍ ፎቶ ማንሳት እንደሚወዱ፣ እስካሁን በስልክ ያነሱ እንደነበር ከመጀመሪያው ዋጋቸው ጋር ጻፉ። የገጹ ሰዎች በአጭር በአጭሩ ሲጽፉ እሳቸው ሰላምታውን፣ ምክንያቱንና ምርቃቱን ሳያጓድሉ ነው የሚጽፉት። አንዱ ተጫራች አዘነላቸው መሰለኝ፣ «መሪጌታ፣ ከመጫረትዎ በፊት ሻጯን በስልክ ቢያነጋግሯቸው አይሻልም?» አላቸው።

«እንከን የለውም ብለው ጽፈዋል» አሉ። «ከዚህ በላይ ምን ልጠይቃቸው?»

እሁድ አሥር ሰዓት ላይ አሸናፊው እሳቸው ሆኑ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ገንዘቡን ላኩ። እኔም ካሜራዋን በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ አድርጌ መናኸሪያ ወሰድኩ። በብቸና መስመር ወደ ደብረ ወርቅ የሚሄደው የሚኒባስ ሾፌር ካርቶኑን ተቀብሎ፣ «የሚሰበር ነገር አለው?» አለኝ።

«አለው።»

«እግሬ ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ አያስቡ።»

መኪናው እስኪሞላ እዚያው ቆምኩ። ሾፌሩን «መልስልኝ» ብለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሞላና ሄደ።

በአራተኛው ቀን ምስክርነታቸው ወጣ። ረጅም ነበር። ዕቃው በንጽሕና እንደደረሳቸው፣ ሻርፑን እንደሚመልሱ፣ ሰው ሳይተያይ እንዲህ ከተማመነ ዘመኑ ገና አልከፋም ማለት እንደሆነ ጻፉ። መጨረሻው ላይ «ከደብረ ማርቆስ የመጣችው ዕቃ ልክ እንደ ሻጯ ቃል ናት» ይላል። ሰዉ ሁሉ ወደደው። እኔ ግን ያችን ዐረፍተ ነገር ሳነብ ጆሮዬ ጋለ። የጻፉት የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰሙን ሁሉም አንብቦታል፣ ወርቁን ለእኔ ብቻ ትተውልኝ ይሆን? ዕቃዋም ቃሌም የታመሙ መሆናቸውን አውቀው ይሆን? ደጋግሜ አነበብኩት። ምንም አልተገለጠልኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጠበቅኩትም። ምስክርነቱን ከገጹ ውጭ ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ ተቀባበሉት። የገጹ አስተዳዳሪ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ሥርዓት የሚወድ ሰው ነው፤ ከስሜ አጠገብ የታማኝነት ምልክት አደረገልኝ። ብዙም ሳይቆይ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከደምበጫ ዕቃ የሚገዙ ሰዎች፣ «አንቺ አይተሽ እሺ ካልሽ ይበቃናል» እያሉ ሻጮችን ወደ እኔ ይልኳቸው ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎች ሌንስና ካሜራ ይዘው ክፍሌ ድረስ ይመጣሉ። አከራዬ ሱቅ የከፈትኩ መሰላት። እኔም ዕቃውን በብርሃን እያየሁ፣ እየነካካሁ፣ ደህና ነው ወይም አይደለም እላለሁ። አልችልም እንዳልል ምክንያቱን ይጠይቁኛል። በስድስት ወሩ አስተዳዳሪው ደወለና፣ ከእሱና ከአንድ የባሕር ዳር ሰው ጋር ሆኜ ክርክር ሲነሳ እንድፈርድ ጠየቀኝ።

«ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩት።

«ሁሉም አንቺን ነው የሚጠሩት። እምቢ ካልሽ ምን አጋጠማት ይላሉ።»

እሺ አልኩ።

መሪጌታ በየወሩ ይደውሉልኛል። ከምስክርነቱ ወዲህ «አንቺ» እና «ልጄ» ማለት ጀምረዋል። ጤናዬን፣ የሥራዬን ነገር፣ እናቴ ደህና መሆኗን ይጠይቁኛል። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይች ካሜራ አንዳንድ ጠዋት ትቆምብኛለች። ጣቴ ከብዶ ይሆን?» አሉኝ አንድ ቀን።

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን «ባትሪውን አውጥተው ትንሽ ቆይተው ይመልሱት፤ ትነሳለች» አልኳቸው።

በሳምንቱ ደወሉ። «ልክ ነሽ፣ ተነሳች። እኔ ያላወቅኩት መላ ነበረው። ዕድሜሽን ያርዝመው።»

ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የተሻለችውን ካሜራ በገንዘባቸው ገዝቻለሁ፤ ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለች ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ነበር። ይዣት መውጣት ካቆምኩ ወራት አልፈዋል።

የመጀመሪያው ፍርድ የአንድ ነርስ ጉዳይ ነበር። ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ወጣት ነው፤ የሸጠው ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ይዞ ተገኘ። ገዢው ፎቶውን ለጠፈ፤ ሻጋታው እንደ ሸረሪት ድር መስታወቱን ወሮታል። ነርሱ «አላወቅኩም ነበር፣ ገንዘቡን እመልሳለሁ» ብሎ ጻፈ። አስተዳዳሪው ለሁለታችን ለብቻ፣ «ሁሉም የሚለው ይኸንኑ ነው። መመለሱ ጥሩ፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይውጣ። እናንተስ?» አለ። የባሕር ዳሩ ሰው ተስማማ። የእኔን መልስ ይጠብቃሉ። ብከራከር ለምን እንደምከራከር የሚጠይቁኝ መሰለኝ። «እስማማለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ነርሱ በዚያው ቀን ስሙ ወጥቶ ተባረረ።

በዓመቱ ጥቅምት ላይ ሥራዬ ወደ ደብረ ወርቅ ወሰደኝ። መሪጌታ ያሉበት ደብር አጠገብ የሚፈልቅ ምንጭ እንዲመረመር ተጠይቆ ነበር። ናሙናውን ከቀዳሁ በኋላ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ከተማ ሲመለስ እኔ ወደ እሳቸው ቤት ሄድኩ። ከእሳቸው በቀር ማንንም በማላውቅበት ቀበሌ ሳልጠይቃቸው ብመለስ ነውር ነው የሚል ሰበብ ለራሴ ሰጥቻለሁ። ምን እንደምናገር አልወሰንኩም።

ከጠበቅኳቸው አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ግን ከስልኩ የገዘፈ ሰው ናቸው። ጠላ እንደማልጠጣ ስነግራቸው ብርዝ አስቀዱልኝ። ሻርፔን ታጥቦ ታጥፎ ሰጡኝ። ካሜራዋ የዳዊት መጽሐፍ በሚሰቀልበት የቆዳ ማኅደር ውስጥ ሆና፣ ከሁለት መጻሕፍት መሃል ግድግዳው ላይ ተንጠልጥላለች። አውርደው ያነሷቸውን ፎቶዎች አሳዩኝ። የጽድ ቅርፊት፣ ወይራ ላይ ያረፈ ወፍ፣ ጤዛ። ከእኔ ይሻላሉ፤ ይህን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ።

«አንድ ብቻ አመለጠኝ» አሉ። «እዚህ ደብራችን ዛፍ ላይ ጉሬዛ አለ። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ታውቂያለሽ? እንደ ጥጥ። ሦስት ወር ሳይሞላው ይጠቁራል። በሐምሌ አንዷ ወልዳ ኖሮ ልጇን ታቅፋ ታች ቅርንጫፍ ድረስ ወረደች። እኔ ለዚያ ስምንት ቀን ጠዋት ጠዋት ከዛፉ ሥር ቆሜያለሁ። ወረደች፣ አየችኝ፣ ልጁን አዞረችልኝ። ቁልፉን ስጫን ካሜራዋ ቆመች።»

«ባትሪውን…»

«አወጣሁት። ስመልሰው ጉሬዛዋ የለችም። ከዚያ ወዲያ ስትወርድ አላየኋትም፤ አሁን ልጁም ጠቁሯል። እንግዲህ ለእኔ አልተፈቀደም ብዬ ተውኩት። ጣቴ ነው፣ ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቼንም እንዲህ ነው የምላቸው፤ ዕቃውን ከመውቀስህ በፊት እጅህን መርምር።»

ብርዙን አስቀመጥኩት። «መሪጌታ፣ ጣትዎ አይደለም። ካሜራዋ ናት። ድሮም እንዲህ ናት።»

ጭናቸው ላይ ወዳለችው ካሜራ ተመለከቱ።

«ዝናብ መትቷት ነበር። ብርድ ሲሆን ትቆማለች።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ከመሸጤ በፊት።»

ካሜራዋን ከጭናቸው ላይ አንስተው መደቡ ላይ አኖሯት። ውጭ ተማሪዎቹ ሲያዜሙ ይሰማል። እኔ ያን ጊዜ ቢቆጡኝ ምነኛ በወደድኩ። ገንዘቡን እንደምመልስ፣ ካሜራዋንም ልውሰዳት፣ ላስጠግናት እያልኩ ቀባጠርኩ።

«ገንዘብዎን አልፈልግም» አሉኝ።

«አንቺ» መባሌ በዚያች ቃል እንደቀረ ወዲያው ገባኝ። ልጃቸው የነበርኩትን በአንድ ቃል እንግዳ አደረጉኝ፤ እንግዳ እንደሚከበርም አከበሩኝ።

«በስልክ ጠይቄዎት ነበር» አሉ። «ጣቴ ከብዶ ይሆን ብዬ።»

«ጠይቀውኛል።»

«ዓመት ሙሉ ጣቴን ስወቅስ ከረምኩ።»

ስለዚያች ዐረፍተ ነገር ጠየቅኳቸው። ዕቃዋ ልክ እንደ ሻጯ ቃል ናት ሲሉ ተጠራጥረው ነበር ወይ አልኩ። ግራ ተጋብተው አዩኝ። ምን ማለቴ እንደሆነ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ሐዘን አየሁ።

«እዚያ ላይ ቅኔ አልተቀኘሁም» አሉ። «ያመንኩትን ነው የጻፍኩት።»

ልወጣ ስነሳ እስከ በሩ ሸኙኝ። ምስክርነቱን ያነሱት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «እኔ የጻፍኩትን እኔ አልሰርዝም። እርስዎ የጻፉትን እርስዎ ያቅኑ» አሉኝ። ሾፌሩ ከታች መንገድ ላይ ጥሩምባ እየነፋ ነበር። ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ሾፌሩ የታመምኩ መስሎት መስኮት ከፈተልኝ።

የማቀናውን ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ሰዎች ዕቃ ይዘው ይመጣሉ፤ እነሱን እሸኝና እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ አምስት መስመር ብቻ ሆነ። ካሜራዋ ጉድለት እንደነበራት፣ እንደማውቅ፣ የለውም ብዬ እንደጻፍኩ፣ ገዢው በስልክ ሲጠይቁኝም እንደደበቅኳቸው፣ ምልክቱም ዳኝነቱም እንዲነሳልኝ።

ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። የመጡት ምስጋናዎች ነበሩ። «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገን» አለ አንዱ። «ስህተትን ማመን ትልቅነት ነው» አለ ሌላው። አንዲት የደሴ ሴት፣ ከዚህ በኋላ ከእኔ በቀር ከማንም እንደማትገዛ ጻፈች። አስተዳዳሪው ደውሎ፣ «ምልክቱን አላነሳም፤ እንዲያውም ታማኝነትሽ ጨምሮልሻል» አለኝ እየሳቀ። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ አጨብጭቦልህ መውጫው በር የጠፋህ ያህል ነው የተሰማኝ። መሪጌታ ከሥሩ ምንም አልጻፉም።

የነርሱን ስልክ ከአሮጌ መልእክቶች ውስጥ ፈልጌ ደወልኩለት። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አስታወሰኝ። ስለ ራሴ ጉዳይ ነገርኩት፤ በእሱ ላይ መፍረዴ ትክክል እንዳልነበረም።

«እኔ እኮ እውነቴን ነበር» አለኝ። «ሌንሱን በብርሃን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም። እንደገዛሁት ነው የሸጥኩት።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አንቺን አላስወጡሽም?»

«አላስወጡኝም።»

ከዚያ በሽተኛ እየጠበቀው እንደሆነ ነግሮኝ ዘጋ። አስተዳዳሪውን ስለ እሱ ለመንኩት፤ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ይመለስ አለ። ነርሱ ግን አልተመለሰም። እኔም በዚያው ሳምንት ከገጹ ወጣሁ። የመጨረሻዎቹ ቅዳሜዎች ላይ ዕቃ ይዘው የመጡትን ሰዎች በር ላይ ቆሜ መለስኳቸው። አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ፤ አንዱ «ስም ካገኘሽ በኋላ ናቅሽን» ብሎኝ ሄደ።

በኅዳር መጨረሻ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ቢሮዬ ድረስ ካርቶን አመጣልኝ። ካሜራዋ ናት፤ አብሮ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «የምትጠገን ከሆነ ትጠገን» የሚል ወረቀት ነበረው። አዲስ አበባ ላለ አንድ ጠጋኝ ወሰድኳት። ውስጧ ዝጓል አለ፤ ከሞተች ሌላ ካሜራ ክፍል አውጥቶ ቀየረላት። ወር ሙሉ እኔው ዘንድ አቆይቼ፣ በየጠዋቱ ብርዱ ላይ እያወጣሁ ሞከርኳት። አልቆመችም። የመጨረሻውን ጠዋት መቶ ሃያ ፎቶ አነሳሁባት፤ ሁሉም የዚያው የጭቃ ግድግዳ ፎቶ ነው። ከዚያ መልሼ ላክኋት።

መሪጌታ በማግስቱ ደወሉ። «ደርሳኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ።

«ብትቆም ይንገሩኝ፤ ምንም ቢሆን ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«እነግርዎታለሁ።»

ሌላ የሚጨምሩት ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሳቸውም የጠበቁ ይመስለኛል። ከዚያ «በሉ ደህና ይሁኑ» ብለው ዘጉ። ከዚያ ወዲህ አልደወሉልኝም፤ እኔም ለመደወል ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ።